የአባትህን ማዕድ ወርሰህ እግራቸውን ትተኸዋል

«ጤና ይስጥልኝ፣ እትዬ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፤ ትውልዴ ሞረትና ጅሩ፣ ከእነዋሪ ወጣ ብሎ። 47 ዓመቴ ነው፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ፋይናንስ ክፍል እሠራለሁ። ከፋሲካ በኋላ ድካም ድካም ሲለኝ ሄጄ ተመረመርኩ። የደም ውጤቴን ስቀበል ግማሹ ከልክ ውጪ ነው የሚል ኮከብ አለበት። ስኳር በባዶ ሆድ 114፣ የሦስት ወር ስኳር 6.1፣ ትራይግሊሰራይድ 268፣ መጥፎው ኮሌስትሮል ኤልዲኤል 148፣ ጥሩው ኤችዲኤል 36፣ የጉበቱ ኤኤልቲ 58፣ ሄሞግሎቢን 17.4። ግፊቴ 138 በ88፣ ክብደቴ 84 ኪሎ፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ70። ሐኪሙ ግን ምንም መድኃኒት አላዘዘልኝም። ‹አኗኗርህን አስተካክልና ከሦስት ወር በኋላ ተመለስ› ብሎ ሸኘኝ። ንቆኝ ይሆን? አባቴ 80 ዓመት አልፏቸዋል። ቅቤውንም ጠላውንም አልተዉም፤ እስካሁን ገበያ በእግራቸው ነው የሚወጡት። እኔ ምን ሆኜ ነው? እንጀራ በማቆሜ ባለቤቴ አኩርፋለች። አንድ ወዳጄ ደም ያጠራል የተባለ ዱቄት አምጥቶልኛል። እውነቱን ልጻፍና፣ ማታ ማታ ከጓደኞቼ ጋር ሁለት ሦስት ቢራ አለ፤ ከቢራው ጋር ሁለት ሦስት ሲጃራ፤ ቅዳሜ ደግሞ ቁርጥ አይቀርም። በዚህ ዕድሜ የሚለወጥ ነገር አለ ወይስ አጉል መድከም ነው?»

ወንድሜ፣ መልሱን «እርስዎ» ብዬ ጀምሬው ነበር፤ ሁለተኛው መስመር ላይ ስደርስ አልሆነልኝም። በዕድሜ ታላቅህ ነኝ፣ አንተ ልበልህ።

መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልንገርህ፤ ምክሬን የምትመዝነው በእሱ ነውና። ሐኪም አይደለሁም። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የላብራቶሪ ባለሙያ ነበርኩ። የስንቱን ሰው ደም ቀድቻለሁ፣ ያንን ኮከብ ከሚያትመው ማሽን አጠገብ ስንት ዓመት ቆሜያለሁ። ስለዚህ ከሐኪምህ ጋር አልፎካከርም። እሱ ወረፋ ስላለበት ሳያብራራልህ የቀረውን ወረቀት ግን ላብራራልህ እችላለሁ።

ሐኪሙ አልናቀህም። በባዶ ሆድ የሚለካ ስኳር ከ100 በታች ከሆነ ደኅና ነው። 126 ከደረሰና በሌላ ቀን ሲደገምም እንደዚያው ከሆነ የስኳር በሽታ ይባላል። ያንተ 114 መሀል ላይ ነው። የሦስት ወሩም ያው፤ ከ5.7 በታች ደኅና፣ ከ6.5 ጀምሮ በሽታ፣ አንተ 6.1። ደጃፉ ላይ ቆመሃል፣ አልገባህም። ደጃፍ ላይ ለቆመ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚታዘዘው መድኃኒት ይኸው የታዘዘልህ ነው። ከፋርማሲ ስላልተገዛ መድኃኒት አልመስልህ አለ እንጂ። እኛ እኮ መርፌ ያልወጋ ሐኪም ሐኪም አይመስለንም።

ደግሞስ ለምን ሦስት ወር? ቀይ የደም ሴል የሚኖረው 120 ቀን ገደማ ነው። በዚያ ዕድሜው ደም ውስጥ ያለው ስኳር ቀስ እያለ ይለጠፍበታል። የሦስት ወር ስኳር የምትሉት ምርመራ የሚለካው ይህንን የተለጠፈውን ነው። ስለዚህ 6.1 ማለት የዚያን ዕለት ጠዋት ቁጥር አይደለም፤ ካለፉት ሁለት ሦስት ወራት ተጠራቅሞ የመጣ ነው። አሁን አስብ። የተመረመርከው ከፋሲካ በኋላ ነው። እነዚያ ወራት አብዛኞቹ ሁዳዴ ነበሩ። ጾመህ ከነበረ ሥጋ አልበላህም፣ ቅቤ አልነካህም። ስኳሩ ታዲያ ከየት መጣ? ይህን ጥያቄ ያዝልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ትራይግሊሰራይድ ደም ውስጥ የሚዞር ስብ ነው። እንዴት እንደሚታይ ልንገርህ። የተቀዳው ደም ጥቂት ይቆይና ማሽን ውስጥ ገብቶ ይሽከረከራል። ቀዩ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከላይ የጭድ ቀለም ያለው ጥርት ያለ ውሃ ይቀራል። እኛ ሴረም እንለዋለን። በበዓል ማግስት ከሚመጡት ቱቦዎች አንዳንዱ ግን ከላይ ያለው ቢጫ አይሆንም፤ ነጭ ነው። አሬራ ይመስላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁ ቀን ቱቦውን ወደ መስኮቱ አስጠግቼ አገላበጥኩት፣ የሰው ደም መሆኑን ማመን አቅቶኝ። ያንተ 268 እንደዚያ ለመምሰል ገና ነው፤ ግን ከ150 በታች መሆን ነበረበት፣ መንገዱም ወደዚያው ነው።

ስብ ነው ስልህ ደግሞ ቅቤ ብቻ እንዳይመስልህ። ጉበት ከልክ ያለፈውን ስኳርና አልኮል ወደ ስብ ይለውጠዋል። ግማሹን ወደ ደም ይለቀዋል፣ ግማሹን እዚያው ራሱ ውስጥ ያከማቻል። ኤኤልቲህ 58 የሆነውም ሳይሆን አይቀርም በዚህ የተነሳ ነው፤ ቦርጭ ባለውና በሚጠጣ ሰው ላይ የተለመደ ነው። ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ፤ የሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ምርመራ ካላደረግህ ሐኪምህን ጠይቀህ አድርግ። በሽታው በአገራችን ያለ ነው፣ ሳይታወቅም ብዙ ዓመት ይቀመጣል። ሁሉንም በቢራ አሳብበን እሱን እንዳናልፈው።

ስለ ሄሞግሎቢኑ እምብዛም አትደንግጥ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። አየሩ ሳሳ ሲል ሰውነት ቀይ የደም ሴል ጨመር ያደርጋል። ወረቀቱ ላይ ያለው መለኪያ ብዙ ጊዜ ይህን አይቆጥርልህም። ሲጃራም ከፍ ያደርገዋል። ለሐኪምህ አሳየውና እለፈው።

አሁን ወደ አባትህ። ከጻፍከው ሁሉ የሚሻለው ጥያቄ ይህ ነው።

በመጀመሪያ መራሩን ልናገር። ከአባትህ ጋር ከብት ያገዱ፣ በአንድ ዓመት ያገቡ የመንደሩ ሰዎች ስንቶቹ ዛሬ አሉ? እኛ የምናየው የተረፉትን ነው። «በድንገት ወደቀ»፣ «ግማሽ ጎኑን መታው»፣ «የሰው ዐይን ነው» እየተባለ የተቀበረውን ማንም ስኳሩን ለክቶ፣ ግፊቱን አይቶ አልቀበረውም። አባትህን እግዜር ያቆይልህ፤ ግን እሳቸውን ብቻ አይተህ ቅቤ ዕድሜ ይሰጣል አትበል።

ሁለተኛው ነገር ግን ከዚህ ይበልጣል። ያ ማዕድ የተሠራው ለአራሽ ነው። የጅሩን ዋልካ መሬት እርፍ ጨብጦ ከበሬ ኋላ ሲረግጥ ለዋለ፣ ሲያጭድ፣ ሲወቃ፣ አህያ እየነዳ ገበያ ወጥቶ ማታ ለሚመለስ ሰው። ያ ሰው ያን ሁሉ እንጀራ በልቶ፣ ጠላውን ጠጥቶ፣ ጡንቻው ሁሉን ያቃጥለዋል። አንተ ማዕዱን እንዳለ ወርሰህ፣ ቢራና ስኳር ጨምረህበት፣ እግራቸውን ትተኸዋል። ከቤት ቢሮ በባጃጅ፣ ቢሮ ወንበር ላይ፣ ከቢሮ ግሮሰሪ፣ ከግሮሰሪ በባጃጅ ቤት። እስቲ ስልክህ እርምጃ የሚቆጥር ከሆነ አንድ ተራ ማክሰኞ ስንት እንደተራመድክ እየው። ለእኔ አትንገረኝ፣ ለራስህ እየው።

ምግቡን ትተን ከእግር የምንጀምረው ለዚህ ነው። የሚሠራ ጡንቻ፣ ስኳርን ከደም የሚያስገባለት ኢንሱሊን የሚባለው ሆርሞን ባይረዳው እንኳ ስኳር ከደም እየሳበ ይወስዳል። የተቀመጠ ጡንቻ ደጁን ዘግቶ የተኛ ነው። አሜሪካ ውስጥ እንዳንተ ደጃፍ ላይ የቆሙ 3,234 ሰዎች ተወስደው ጥናት ተደረገ፤ ውጤቱ በ2002 እ.ኤ.አ. ታተመ። አንዱ ቡድን ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ክኒን ወሰደ። ሌላው ቡድን በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ እንዲሄድ፣ አመጋገቡን አስተካክሎ ከክብደቱ 7 በመቶ እንዲቀንስ ተደረገ። መድኃኒት የሌለበት ባዶ ክኒን ከተሰጠው ቡድን ጋር ሲተያይ ክኒኑ ወደ ስኳር በሽታ መግባትን በ31 በመቶ ቀነሰ። እግርና ማዕዱ በ58 በመቶ። እንግዲህ ሐኪምህ ክኒን ከልክሎህ ሳይሆን የሚበልጠውን አስቀድሞልህ ነው።

ካንተ 84 ኪሎ 7 በመቶው 6 ኪሎ አይሞላም። 78 ላይ ብትደርስ በቂ ነው። የልጅነትህን ወገብ ማንም አልጠየቀህም።

150 ደቂቃው የሚገኘው ከባጃጁ ነው። ጠዋት በእግርህ ሂድ። ሃያ አምስት ደቂቃ ከፈጀብህ፣ በአምስት ቀን ሥራ 125 ደቂቃ ሆነ። የቀረውን እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወደ በሬሳ ወንዝ ብቅ ብለህ ትሞላዋለህ። አረማመዱ እየተነጋገርክ የምትሄድበት፣ ግን መዝፈን የማትችልበት ይሁን። ክረምት ገብቷል አትበለኝ። ቦቲ ጫማ አለ፣ ጃንጥላ አለ። የደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ ለሚራመድ ሰው አይብስም፤ የሚብሰው ቆሞ ባጃጅ ለሚጠብቅ ነው። ከእራት በኋላ ደግሞ ወዲያው ሶፋ ላይ አትውደቅ። ጋቢህን ደርበህ ግቢ ውስጥም ቢሆን አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ተንጎራደድ። ከምግብ በኋላ ስኳር ሽቅብ የሚወጣበት ሰዓት ነው፤ እግር ያኔ ቢንቀሳቀስ ጫፉን ይቆርጠዋል።

ጡንቻ ራሱም ያስፈልግሃል። ከ40 በኋላ ካልተሠራበት እየሟሸሸ ይሄዳል። ጂም ግባ አልልህም። ሃያ ሊትር ጀሪካን ሃያ ኪሎ ነው፤ ከቧንቧው እስከ ወጥ ቤት አንተ ተሸከመው፣ በሁለቱም እጅ እያፈራረቅህ። እንጨት ፍለጥ። ወደ እነዋሪ ስትወርድም በእንግድነት ደጃፍ ላይ አትቀመጥ። አባትህ ጎን ገብተህ አርም። ለሳቸውም ደስታ ነው።

አሁን ወደ ያዝልኝ ወዳልኩህ ጥያቄ። በሁዳዴ ስኳሩ ከየት መጣ? አላየሁህም፤ ግን ከለመድኩት ልገምት። ሻይ። ቢሮ ውስጥ ያለ ሰው በቀን አራት አምስት ብርጭቆ ሻይ ይጠጣል። በአንዱ ሦስት ማንኪያ ስኳር ካለ፣ አምስቱ አሥራ አምስት ማንኪያ ነው። ሻይ ማንኪያውን በ4 ግራም ብንይዘው 60 ግራም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ከ50 ግራም አይለፍ፣ ወደ 25 ቢወርድ ደግሞ ይመረጣል ይላል። አንተ ዳቦው፣ ማርማላታው፣ ጁሱ ሳይቆጠር በሻይ ብቻ አለፍክ። ጾሙ የከለከለው ሥጋና ቅቤ ነው፤ ስኳር የጾም ስለሆነ ማንም ተው አላለህም። በየሳምንቱ ከአንዱ ብርጭቆ አንድ ማንኪያ ቀንስ። ምላስ ይለምዳል። እኔ ራሴ ለምጄዋለሁ፤ አሁን ስኳር ያለው ሻይ ሽሮፕ ሽሮፕ ይለኛል።

እንጀራህን መልስ። ባለቤትህንም ይቅርታ ጠይቅ። የሰሜን ሸዋ ሰው እንጀራ ትቶ ሦስት ሳምንት ይቆያል፤ ከዚያ በአራተኛው ሁለት እጥፍ ይበላል። አንዱን እንጀራ ግማሽ አድርገው፣ ትሪው ላይ የጎደለውን በጎመን፣ በምስር፣ በባቄላ ሙላው። የአገርህ ምስርና ባቄላ እኮ ሌላው በመኪና የሚያስመጣው ነው። ወጡን አስቀድመህ ብላ፣ እንጀራውን አስከትል። ይኼው ነው።

ገብስን ግን እንዳትንቀው። ገብስ ውስጥ ቤታ ግሉካን የሚባል የሚያሟልጭ አሰር አለ። ከሱ በቀን 3 ግራም ያህል በየጊዜው የሚያገኝ ሰው ኤልዲኤሉ በመጠኑ እንደሚወርድ የታወቀ ነው። አሜሪካኖቹ ገብስን ለልብ ጥሩ ነው ብለው በፋብሪካ ምርት ላይ እንዲጻፍ የፈቀዱት ገና የቅርብ ጊዜ ነው፤ መንዝ ግን ድሮም ቆሎውን ይዞ ነው መንገድ የሚወጣው። ቅንጬ፣ ቆሎ፣ በሶ። በሶውን ታዲያ በስኳር እንዳትበጠብጠው። ገንፎውም መሀሉ ላይ የቅቤ ኩሬ ካለው ውለታው ቀረ።

ዘይት። ይህን በዐይንህ ታየዋለህ። ብርዱ ሲጠና፣ ጠዋት ወጥ ቤት ግባና የዘይት ጀሪካኑን ዘንበል አድርገው። አልፈስ ብሎ፣ ነጭ ሆኖ፣ ባለቤትህ በማንኪያ ቆፍራ የምታወጣው ከሆነ ፓልም ነው። ግማሽ ያህሉ ደም ሥር የማይወደው የሚረጋ ስብ ነው፤ ከቅቤ ብዙም አይሻልም። በጾም ቅቤ ትተህ በእሱ ስትጨማለቅ ኤልዲኤልህ ልዩነቱን አያውቅም። የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት ይሻላል፤ እሱም ተለክቶ። ውድ ነው ካልከኝ ልክ ነህ፣ ውድ ነው። ያለው መላ ማሳነስ ነው። እናቶቻችን ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት፣ ውሃ ጠብ እያደረጉ ነበር የሚያቁላሉት። ዘይቱ መጨረሻ ላይ ትንሽ ነው የሚገባው። አሁን ዘይቱ ሲንሳፈፍ ካላየን ወጥ ወጥ አይመስለንም። ይህን ለባለቤትህ እንደ ትእዛዝ አትንገራት። ውጤትህን አብራችሁ ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። የወጥ ቤቱ ቁልፍ በሷ እጅ ነው።

ቁርጡን በተመለከተ፣ የጅሩ ሰንጋ አገር ልጅ ቁርጥ ተው ብለው ማን ይሰማኛል? በየቅዳሜው የነበረው በወር አንድ ጊዜ ይሁን። ጮማውን ተወውና ቀዩን ብላ። ጥሬው ኮሶ እንደሚያመጣም ታውቃለህ፤ ጥብስ አይከፋም።

ቢራና ሲጃራውን አንድ ላይ አያቸዋለሁ፤ አንድ ወንበር ላይ ነው የሚገኙት። በቀን ሦስት ቢራ የምትጠጣ ከሆነ ከትራይግሊሰራይድህም ከጉበትህም ብዙው ዕዳ እዚያ ነው። ደስ የሚለው ነገር ደግሞ ቶሎ የሚመለሰውም ይኸው ነው። የሦስት ወር ስኳሩ ሦስት ወር ይፈልጋል፤ ትራይግሊሰራይድ ግን መጠጥና ስኳር ሲቀነስለት በሳምንታት ውስጥ ይወርዳል። ለእነዚህ ሦስት ወራት ጨርሰህ ተው ነው የምልህ። «እቀንሳለሁ» ያለ ሰው ሲሆን አላየሁም፤ ሁለተኛው ጠርሙስ ላይ ቃል ኪዳኑ ይፈርሳል።

ጓደኞችህ «ምነው፣ ስለት አለብህ እንዴ?» ይሉሃል። ይበሉ። «ሐኪም ከልክሎኛል» በላቸው፤ ውሸት አይደለም። አምቦ ውኃ ይዘህ ተቀመጥ፣ ተራህ ሲደርስ ክፈል። ከሒሳብ እስካልሸሸህ ድረስ ብርጭቆህ ውስጥ ያለውን ማንም ለረጅም ጊዜ አይመረምርም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ላይ ግን ባትሄድ ይሻልሃል፤ ሲጃራው የሚጠራው እዚያ ነው። ከቢራው ካልተለየ ሲጃራው አይለቅህም።

ስለ ሲጃራ አንድ ቁጥር ብቻ። እንግሊዞች የራሳቸውን ሐኪሞች ከ1951 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ለ50 ዓመታት ተከታተሏቸው። ዕድሜ ልካቸውን ካጨሱት ጋር ሲተያዩ፣ 50 ዓመት ላይ ያቆሙት 6 ዓመት ገደማ ተጨማሪ ዕድሜ አግኝተዋል። 40 ላይ ያቆሙት 9። አንተ በመካከል ነህ። ሁለት ሦስት ብቻ ነው የማጨሰው ማለትህን አውቃለሁ፤ ለልብ ግን ጥቂትም ጥቂት አይደለም።

ዱቄቱን ለወዳጅህ መልስለት። ደም የሚያጠሩት ጉበትና ኩላሊት ናቸው። ውስጡ ምን እንዳለ የማይታወቅ ነገር ስትውጥ የሚጎዳው ራሱ ጉበት ነው፤ ያንተ ደግሞ አሁኑኑ ኮከብ ተደርጎበታል። ባልደረቦቼና እኔ ኤኤልቲው በድንገት የናረ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የምንጠይቀው «ምን ጠጥተህ ነበር?» ብለን ነበር። ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ከወጥና ከሰላጣ ጋር ብላ፣ ማን ከለከለህ። ተልባም ያለ ስኳር ጥሩ ነው። መድኃኒት ግን አትበላቸው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ዕድሜ ይረዝማል ወይ ነው ጥያቄህ። ለዚህ የማምነው አንድ ጥናት አለ። ቻይና ውስጥ ዳቺንግ በምትባል ከተማ በ1986 እ.ኤ.አ. እንዳንተ ስኳራቸው መሀል ቤት የሆነ 577 ሰዎች ተመረጡ። አንዳንዶቹ ለ6 ዓመት ምግባቸውን ወይም እንቅስቃሴያቸውን ወይም ሁለቱንም እንዲያስተካክሉ ተደረገ፤ ሌሎቹ እንደነበሩ ቀጠሉ። ከዚያ ለ30 ዓመት ተከታተሏቸው። ያስተካከሉት ሰዎች ወደ ስኳር በሽታ የገቡት በአማካይ 4 ዓመት ያህል ዘግይተው ነው። ዕድሜያቸው ደግሞ በ1.44 ዓመት ረዘመ።

አንድ ዓመት ተኩል ሊሞላ ትንሽ የቀረው ብቻ ብለህ ትስቅ ይሆናል። እኔም መጀመሪያ ስሰማው ያን ያህል አልገረመኝም። ግን አስበው፤ ያ የተገኘው ከ6 ዓመት ጥረት ነው፤ የታየውም ከ30 ዓመት በኋላ ነው። ደግሞ በላብራቶሪ መስኮት በኩል ሰው ያየ ሰው ከዓመቱ ቁጥር ይልቅ የዓመቱን ዓይነት ነው የሚያየው። በየሳምንቱ ለኩላሊት እጥበት የሚመላለስ፣ እግሩ አልድን ብሎት በልጁ ትከሻ ተደግፎ የሚመጣ፣ ዐይኑ ደክሞ ወረቀቱን እኔ የማነብለት ሰው። ብዙዎቹ በ47 ዓመታቸው ያንተን የመሰለ ወረቀት ይዘው ነበር። አንዳንዱ እንዲያውም ያኔ የተመረመረበትን አጣጥፎ ከመታወቂያው ጋር ይዞት ይመጣል።

ቢሆንም ሁሉም ነገር በእግርና በማዕድ ይመለሳል አልልህም። ከሦስት ወር በኋላ ኤልዲኤልህ አልወርድ ካለ ሐኪሙ ክኒን ሊያዝልህ ይችላል፤ ውሰደው። ሽንፈት አይደለም፣ አንዳንዱ በዘር ነው። ግፊትህም 140 በ90 አልደረሰም ብለህ አትርሳው። በተለያየ ቀን፣ አረፍ ብለህ፣ ቡናና ሲጃራ ሳትነካ ሦስት አራት ጊዜ አስለካው፤ ጨውህንም በወጡ ላይ ደግመህ አትነስንስ። በመካከል ደረትህን ካፈነህ፣ አፍህ ከተጣመመ፣ እጅ ወይም እግርህ ከከዳህ ወረፋ አትጠብቅ፣ በዚያው ሰዓት ሂድ። ውሃ ጥሙና ሽንቱ ከበዛብህም ሦስት ወሩን አትጠብቅ።

አሁን ሰኔ ነው። ሦስት ወር ስትቆጥር መስከረም ላይ ትወድቃለህ፤ እንቁጣጣሽ፣ ከዚያ መስቀል። መስከረም 18 ጠዋት ላብራቶሪ እንዳትሄድ፣ ያ ውጤት ያንተ አይሆንም፣ የበጉ ነው። ጥቅምት ሲገባ ሂድ። የመጀመሪያውን ምርመራ ያደረግህበት ቦታ ይሁን፤ ማሽን ከማሽን ይለያያል። ጉንፋን ካለብህ አሳልፈው። ከምሽቱ 2 ሰዓት በፊት እራትህን ብላና ከዚያ ውሃ ብቻ ጠጣ። ጠዋት ቡና የለም፣ ስኳር የሌለውም ቢሆን። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጠህ ቁጥሩን ጻፍልኝ።

ደግሞ ጥቅምት ውርጩ ይጀምራልና እጅህን ጋቢህ ውስጥ ከተህ አሙቀህ ግባ። በብርድ ደም ሥር ይደበቃል፤ ደም የምትቀዳህን ልጅ ሁለቴ እንድትወጋህ አታድርጋት።